በቆርቆሮ የተተከለው ወይራ

ጥቅምት 17 ቀን 1977፣ ቅዳሜ

ወይራው ዛሬም ቅጠል አረገፈ። ቢጫ ናቸው፣ ጫፋቸው ቡናማ። ጠዋት አንድ ኩባያ ውሃ፣ ማታ አንድ ኩባያ... ምን አጎደልኩበት?

አማቴ እማማ ጥሩነሽ ቅቤያቸውን ሸጠው ከሾላ ገበያ መልስ ጎራ አሉ። እንደ ወትሮው መጀመሪያ ወደ ወይራው። ለወተት ቅላቸው ማጠኛ ሁለት ቀንበጥ ሰበሩ፣ አሸተቱ፣ በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩ። መንደራቸው አያት ወይራ ጠፍቶ አይደለም፤ የእርሻቸው ዳር ሞልቷል። ይሄኛውን ግን ባለቤቴ ኃይለሚካኤል ከዚያው ነቅሎ አምጥቶ በዘይት ቆርቆሮ የተከለው ነው። የልጃቸው እጅ አለበት።

ሲወጡ በጎረቤቴ በጋሽ ደቻሳ በር አጠገብ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ። ሰባት ዓመት እንዲሁ ነው። "ልጄን የሸጠ ሰው ፊት አላይም።"

እኔ ዝም። ሁልጊዜ ዝም።

ጥቅምት 20፣ ማክሰኞ

ጋሽ ደቻሳን በአጥሩ ላይ ጠራኋቸው። ችግኝ ጣቢያ ነው የሚሠሩት። ጣታቸውን አፈሩ ውስጥ አስገቡ።

"በቀን ስንቴ ነው የምታጠጪው?"

"ሁለቴ።"

"ወይራ ነው ወይስ ዳክዬ የምታረቢው? ይሄ የድንጋይ ላይ ዛፍ ነው። ከጥማት ይልቅ ውሃ ይገድለዋል።"

ገልብጠው አወጡት። ሥሩ እንደ ገመድ እርስ በርሱ ተጠምጥሟል፤ የታችኛው በስብሶ ይሸታል። የበሰበሰውን በቢላ ቆረጡ። የቆርቆሮውን ቂጥ በምስማር ስድስት ቦታ በሱት። መጀመሪያ ጠጠር፣ ከዚያ አሸዋ የተቀላቀለበት አፈር። እኔ ግንዱን ይዤ።

"ጣትሽን አስገቢ። ደረቅ ከሆነ ብቻ አጠጪ።"

ኃይለሚካኤልም ያን ቀን ሲወጣ "ውሃ አታብዢበት" ብሎኝ ነበር። የመጨረሻ ቃሉ ይኸው ነው።

ሻይ ላፍላ ብላቸው እምቢ አሉ። "ሰው ያይሻል" አሉኝ። ለእኔ አስበው...

ጥቅምት 24፣ ቅዳሜ

እማማ ዛሬ ፊታቸው በርቷል። እንዲህ ካየኋቸው ስንት ዓመቴ?

የጋሽ ደቻሳን ልጅ ሶሬቲን አንድ የአያት ልጅ ሊያገባት አስቧል። የእማማ ጎረቤት ልጅ ነው። ሽማግሎቹ የልጅቷን ቤተሰብ ሊያጣሩ እማማ ዘንድ መጥተዋል። ሰፈራችንን የሚያውቁ እሳቸው ናቸውና።

"የሚመጣው ሳምንት እሑድ መልስ እሰጣቸዋለሁ። የጆሮ ጠቢ ልጅ ናት እላለሁ። እኔ የልጄን ሬሳ እንኳ ሳላገኝ እሱ ልጁን ሊድር?"

"እማማ፣ ልጅቷ ምን አደረገች?"

"የኔስ ልጅ ምን አደረገ?"

ሶሬቲ ያኔ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር። ፊደል የለየሁት እሷ በጣለችው የአንደኛ ክፍል መጽሐፍ ነው። ብቻዬን፣ በጣቴ እየተከተልኩ።

ጥቅምት 25

ለደብተር መንገር መንገር ነው?

ጥቅምት 27

መድኃኔዓለም ሄጄ ከቅጽሩ ውጭ ቆሜ ተመለስኩ።

ይጻፍ እንግዲህ።

የካቲት 1970። ቀበሌው ግድግዳ ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ። ማንበብ መቻሌን ኃይለሚካኤል አያውቅም ነበር፤ ላስደንቀው ደብቄዋለሁ። ቆሜ በቃሌ እስክይዘው አነበብኩት። ቤት ገብቼ ደገምኩለት፦ ራሱን ያጋለጠ ምሕረት ያገኛል።

ሳቀ። "አንቺ! ማንበብ መቼ ቻልሽ?"

የድብቅ ወረቀት አድርስ ብለውት አንዴ አድርሷል። ይኼን ብቻ ነግሮኛል። "ታዲያ ሄደህ ተናገር" አልኩት። "አያምኑኝም" አለ። "ተጽፏል እኮ፣ ማኅተም አለው..." የተጻፈ ነገር ይዋሻል ብዬ አላሰብኩም። ሦስት ቀን ወተወትኩት። በአራተኛው እሺ አለ።

ብቻውን እንዳይሄድ ጋሽ ደቻሳን አጥሩ ላይ ለመንኳቸው። አብረው ሲሄዱ ሰፈሩ አየ። ጋሽ ደቻሳ ብቻቸውን ሲመለሱ ሰፈሩ አየ። አጥሩ ላይ የለመነችውን ሴት ማንም አላየም።

እዚያው አስቀርተው ገደሉት፤ ለቅሶ መቀመጥ እንኳ ተከለከልን። ያኔ ሁሉም ዝም ሲል የእኔም ዝምታ ከሰው ጋር ተመሳሰለ።

ጥቅምት 29

"ጋሽ ደቻሳ፣ ያኔ ለምን አልተናገሩም?"

"ምን ብዬ? ሚስቱ ናት የላከችው ልበል?"

"የሶሬቲን ነገር ሰምተዋል?"

"ሰምቻለሁ።" ጣታቸውን አፈሩ ውስጥ አስገቡ። "ደርቋል። ትንሽ አጠጪው።"

ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ኅዳር 1፣ ቅዳሜ

ነገርኳቸው።

ቀንበጥ እየሰበሩ ነበር። ቆሜ ሁሉንም ተናገርኩ። ማስታወቂያውን፣ ውትወታዬን፣ አጥሩን። እጃቸው ቅርንጫፉ ላይ እንዳለ ቀረ።

"አንቺ?"

"እኔ ነኝ እማማ።"

"ሰውዬውስ... ያውቃል?"

"ያውቃሉ። የላክኋቸው እኔ ነኝ።"

ደረጃው ላይ ተቀመጡ።

"ሰባት ዓመት ያንን ሰው ስረግመው አጠገቤ ቁጭ ብለሽ? ውሃ እያቀረብሽልኝ?"

አዎ አልኩ።

የሰበሩትን ቀንበጥ ቆርቆሮው ጠርዝ ላይ ትተው ወጡ። በጋሽ ደቻሳ በር ሲደርሱ ነጠላቸውን አልሳቡም። ቆሙ። አላንኳኩም። ሄዱ።

ኅዳር 3

ሶሬቲ በአጥሩ ላይ ጠራችኝ። እየሳቀች።

"እትዬ ውባንቺ፣ ሽማግሎቹ ሊመጡ ነው! እማማ ጥሩነሽ 'የጨዋ ልጅ ናት' አሏቸው አሉ። ምን ነካቸው? አባዬን ብጠይቀው ዝም ይለኛል።"

"እንኳን ደስ ያለሽ" አልኳት።

ኅዳር 8፣ ቅዳሜ

እማማ በሬን አልፈው ጋሽ ደቻሳ ቤት ገቡ። በአጥሩ በኩል ለቅሶ ሰማሁ። የማን እንደሆነ አልለየሁም። የሁለቱም ይሆናል።

ኅዳር 15

አለፉ።

ኅዳር 22

አለፉ። ወይራው ሦስት አዲስ ቀንበጥ አውጥቷል። የሚሰብረው የለም።

ታኅሣሥ 6፣ ቅዳሜ

ከደጅ "ውባንቺ" የሚል ድምፅ ሰማሁ።

እማማ ናቸው። ከሠርጌ ቀን ጀምሮ "ልጄ" ነበር የሚሉኝ።

ይግቡ ብላቸው አልገቡም። "ከወይራው ስጪኝ" አሉ። በመቀስ ሁለት ቀንበጥ ቆርጬ በበሩ ላይ ሰጠኋቸው፣ አንዱን ከአዲሱ። አሸተቱት። ዓይናቸውን ከቀንበጡ አላነሱም።

"ቅጠሉ መርገፍ ተወ?"

"ተወ እማማ።"

ቋጠሩትና ሄዱ። የሚመጣው ቅዳሜ ይመጡ ይሆን? አልጠየቅኋቸውም።

ኩባያውን ሞልቼ ወደ ወይራው ወጣሁ። ጣቴን አፈሩ ውስጥ አስገባሁ። እርጥብ ነው። ውሃውን ይዤ ተመለስኩ።