ያልተቆረጠው የሮሳውራ ጸጉር

ለውድ ልጄ ለኔሊዳ፦ ከተራራችን አናት እስከ ወርቅ ማውጫው ቆላ የሚወርድ ሰላምታዬ ይድረስሽ። እኔና ትንሿ እህትሽ ሮሳውራ በእግዚአብሔር ቸርነት ደህና ነን። ድንቹም ዘንድሮ ውርጭ ሳይነካው ገባ።

እሁድ አበልጄ ዶኛ ኤውፌሚያ መጥታ ነበር፤ እንደ አገራችን ልማድ የሮሳውራን የመጀመሪያ ጸጉር ቆርጣ፣ እንዳንቺው የክርስትና ልጇ ልታደርጋት። ስላንቺ ስጠይቃት፣ «ምግብ ቤቱ ሥራ ይበዛበታል፤ ስልክ ማንሻ ጊዜ የላትም» አለችኝ። «የምግብ ቤቱ ስም ማን ነው?» ብላት ስለ ዝናቡ አወራችልኝ።

መቀሱን በትሪ ሲያቀርቡላት ቀድሜ አነሳሁና ኪሴ ከተትሁት።

«ምነው አበልጄ፣ ልጅቷ እንዳልተሸለተ በግ ትንዠርገግ ነው የምትለው?» ብላ ሳቀች። ጎረቤቱም አብሯት ሳቀ።

«ዘንድሮ ትንዠርገግ» አልኋት።

አንቺን ወደ ቆላው ስትወስድ፣ «ደህና ምግብ ቤት አስቀጥራታለሁ» ብላ መስቀል ስማ ነበር የማለችልኝ። አሁን ስጸልይ ስሟን መጥራት አቅቶኛል፤ አምላክ ይቅር ይበለኝ።

ይህን ደብዳቤ በእሷ እጅ አልላክሁትም። አጎትሽ ኤሌውቴሪዮ በጭነት መኪናው ይዞት ይወርዳል፤ የምግብ ቤቶቹን በር ሁሉ ያንኳኳል። ሲያገኝሽ መልስ ልጻፍ አትበዪ። ልብስሽንም ተዪው። ከአጠገቡ ተቀምጠሽ ነይ።

የእናትሽ አምላክ በመንገድሽ ሁሉ ይቅደምሽ።

አባትሽ ሳቱርኒኖ