ሦስት ጊዜ ስለተወለደችው መኪናዬ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሰኔ 20 ቀን 1977 ዓ.ም.
በእናንተ አቆጣጠር ጁን 27 ቀን 1985

ለክቡር የተሽከርካሪ ምዝገባ ቅርንጫፍ ቢሮ ሥራ አስኪያጅ፣
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ ጤና፣ ለቤተሰብዎ ሰላም፣ ለዓይንዎ ደግሞ የተለየ ብርታት እመኛለሁ። የዓይንዎን ነገር ለይቼ ያነሣሁት በእንግሊዝኛ የጻፍኩልዎት ሦስት ደብዳቤዎች ሳይነበቡ መቅረታቸውን ከንቀት ይልቅ በሕመም ማመካኘት ስለሚቀለኝ ነው። ይህን አራተኛውን በአማርኛ ጽፌ በጎረቤት ከተማችን በአሌክሳንድሪያ ባለው ቤተ ክርስቲያናችን ወርኃዊ ጋዜጣ ማውጣቴ ክቡርነትዎን ምንም አያጎድልብዎትም፤ እኔ ግን ቢያንስ አንባቢ አገኛለሁ።

ለእነዚሁ አንባቢዎች ጉዳዩን ላስረዳ። እኔ ክሪስታል ሲቲ በሚባለው ሰፈር የድልድይ ንድፍ የምሠራ መሐንዲስ ነኝ፤ ወዳጄ አቶ ወልደአምላክ የቀድሞ የአውሮፕላን መካኒክ፣ የዛሬ ባለታክሲ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት በሳጥን ተበታትና የመጣች የመኪና ቀፎ ገዝተን ጋራዤ ውስጥ መገጣጠም ጀመርን። ቀፎዋ በ1952 ከተሠራች አንዲት ባለሁለት ወንበር የእንግሊዝ መኪና ላይ በፋይበርግላስ የተቀዳ ነው፤ ሻንሲዋና ሞተሯ ከ1967 ቮልስዋገን የተወሰዱ ናቸው፤ ገጣጥመን የጨረስናት በ1984 መጨረሻ ነው፤ ሁሉም በእናንተ አቆጣጠር። እንዲህ ያለችውን መኪና በአማርኛ ምን ልበላት ብዬ ሳስብ ቆይቼ «ግልባጭ ናት» ብል፣ ባለቤቴ ወይዘሮ ታደለች ከወጥ ቤት ሆና «ገና ሳትነዳት ተገለበጠች?» ብላ ጮኸች። የተሠራችበት ዓላማ አንድ ነበር፤ ልጄ ስሂን ጁን 15 ቀን ስትዳር ራሴ እየነዳሁ ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ አሌክሳንድሪያ ላደርሳት። ለዚህ የቀረን ሊብሬና ታርጋ ብቻ ነበር። እንግዲህ ምስጋናዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ስለ ሠራተኞችዎ እርግጠኝነት አመሰግናለሁ። ማመልከቻው «የተሠራችበት ዓመት» የምትል አንዲት ሳጥን አለችው፤ ከግርጌው ደግሞ ሐሰት የጻፈ በሕግ እንደሚቀጣ በደቃቅ ፊደል ያስጠነቅቃል። እኔ ደቃቁንም ስለማነብ ሦስቱንም ዓመታት ከነምክንያታቸው ጻፍኩ። የሦስተኛው መስኮት እመቤት ወረቀቱን እንደ ቆሸሸ ማንኪያ በሁለት ጣቷ ገፍታ «ሳጥኑ አንድ ነው፤ ፒክ ዋን!» አለችኝ። ዓመት እንደ ቲማቲም የሚመረጥ መሆኑን አላውቅም ነበርና የትኛው እንደሚሻል ብጠይቃት 1952 አለች፤ የአምስተኛው መስኮት ጎልማሳ 1967 ነው ብሎ ማለ፤ አለቃቸው ሁለቱንም ገሥጾ 1984 ብሎ ደመደመ። የሦስቱ መልስ አንድ ላይ ሲደመር እኔ ከጻፍኩት ጋር ፍጹም አንድ መሆኑን በትሕትና ባመለክት፣ ወረቀቴ ላይ «ያልተሟላ» የሚል ማኅተም ተመታበት።

ሁለተኛ፤ ስለ መርማሪዎ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ለምርመራ ብቻ በተሰጠን የአንድ ቀን ፈቃድ ነድተናት ስንሄድ፣ መርማሪው ሞተሯ እየሠራ፣ ጢሷ ከኋላዋ እየተንቦለቦለ፣ የፊት ኮፈኗን ከፍቶ ውስጡ ባዶ መሆኑን አየና «ሞተር የለውም» ብሎ ጻፈ። ሞተሩ ከኋላ መሆኑን ብነግረው «እሱማ የሻንጣ ቦታ ነው» አለኝ። አቶ ወልደአምላክ እጁን ይዞ ወደ ኋላ ሊወስደው ቢሞክር፣ ሠራተኛ መንካት ክልክል መሆኑን የሚገልጸውን ማስታወቂያ በጣቱ አሳየን። ሞተር የሌላት መኪና በሦስተኛ ማርሽ ከግቢው ስትወጣ ግን ቆሞ እጁን አውለበለበልን፤ ጨዋ ሰው ነው።

ሦስተኛ፤ ስለ ተጨመረልኝ ዕድሜ አመሰግናለሁ። ከሰባት ዓመት በፊት መንጃ ፈቃድ ሳወጣ የተወለድኩት «ጥር 1924 በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ ማለትም 1932 በእናንተ» ብዬ ጻፍኩ። ጸሐፊያችሁ ረጅም ዓረፍተ ነገር አይወድ ኖሮ የመጀመሪያዋን ቁጥር ብቻ ወስዶ ስምንት ዓመት አስረጀኝ። አራት ጊዜ አመልክቼ አልታረመም። ስለዚህ በሃምሳ ሦስት ዓመቴ በመዝገብዎ የስልሳ አንድ ዓመት ሽማግሌ ነኝ፤ ያቺው የሦስተኛው መስኮት እመቤትም ፈቃዴን አይታ የአረጋውያኑን ወንበር እየሳበች «አባባ፣ ቁጭ ይበሉ» ብላኛለች። ሰውን ከመወለዱ ከስምንት ዓመት በፊት ለመመዝገብ የደፈረ ቢሮ መኪናን ሦስት ጊዜ ከተወለደች በኋላ መመዝገብ ያቃተው ለምን እንደሆነ ሲመችዎ ቢያስረዱኝ ደስ ይለኛል።

አራተኛ፤ ለቢሮ አገልግሎት ብቻ። በዚህ ቦታ ላይ አይጻፍ።

አምስተኛ፤ ይህኛው ምስጋና ይከብደኛል። ከሠርጉ አንድ ሳምንት በፊት ስሂን ማመልከቻውን ከፊቴ አንሥታ «ዳድ፣ አንዱን ጻፍላቸው በቃ! ሁ ኬርስ? ማን ግድ አለው?» አለችኝ። ፊርማዬ ካለበት ወረቀት ላይ ግማሽ እውነት እንደማላስቀምጥ ነገርኳት። «ለእኔ ስትልም?» አለች። ማመልከቻውን ከእጇ ተቀብዬ ሦስቱንም ዓመታት እንደያዘ በፖስታ መልሼ ላክሁት።

ታርጋ የሌላትን መኪና መንዳት ሕጉ ይከለክላል፤ መሸከም ግን አይከለክልም። በሠርጉ ዕለት አቶ ወልደአምላክ የተበላሸ መኪና የሚያነሣ የጭነት መኪና ጠራ፤ ጥብጣብና አበባ የለበሰችው መኪናችን በሰንሰለት ታስራ በጭነቱ ጀርባ ላይ ተጓዘች፤ ሙሽራዋም በታክሲ ተከተለቻት። ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ስንደርስ ከአንጋፋ ምእመናኖቻችን አንዷ የሆኑት ወይዘሮ አሰለፈች ነጠላቸውን እያስተካከሉ «ምነው፣ ታማ ነው በቃሬዛ ያመጣችኋት?» አሉ። ምእመናኑ ሳቁ፤ የጭነት መኪናው ሾፌር አማርኛ ሳያውቅ ሳቀ፤ እኔም ሳቅኩ። ስሂን ከታክሲው ስትወርድ መኪናዋን ቀና ብላ አየቻት፤ እኔን አላየችኝም።

ክቡር ሆይ፣ ዘመንዎ እንዲረዝም፣ በተፈጥሮ ባይሆን እንኳ እንደ እኔ በጸሐፊ ብዕር ስምንት ዓመት እንዲታከልልዎ እየተመኘሁ፣ በተጠባባቂዎችዎ ሰልፍ መጨረሻ ላይ ቆሜ ባርኔጣዬን አነሣለሁ።

ልሳነወርቅ ዘገዬ
በመዝገብዎ የስልሳ አንድ፣ በእናቱ ቆጠራ የሃምሳ ሦስት ዓመት ሰው

ግልባጭ፦
ለመኪናዬ፤ ራሷ ግልባጭ ስለሆነች ይገባታል።

ከፊርማ በኋላ የተጨመረ፦ ይህን ለጋዜጣው አዘጋጅ ልሰጥ ስወጣ ከፖስታ ሳጥኔ የቢሮዎን ፖስታ አገኘሁ። ከሠርጉ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ሊብሬውም ታርጋውም መጥቷል። የተሠራችበት ዓመት፦ 1924። ሦስቱን እውነተኛ ዓመታት ትታችሁ ከመንጃ ፈቃዴ ላይ የባለቤቱን የልደት ዓመት፣ ያውም እናንተው ያጣመማችሁትን፣ ለመኪናዋ ሰጣችኋት። እኔ ከሦስት እውነት አንዱን ብቻ አልጽፍም ብዬ ልጄን አሳዘንኩ፤ ቢሮዎ ማንም ያላለውን አራተኛ ዓመት በማኅተም አጸደቀ። ያቺ የግርጌ ማስጠንቀቂያ ማኅተም የያዘን እጅም ትመለከት እንደሆነ ቢገልጹልኝ። እስከዚያው በመጪው እሑድ መኪናዋን እየነዳሁ አሌክሳንድሪያ እገባለሁ፤ ውሸቱ የማን እንደሆነ ምእመናኑ እንዲያነቡም ሊብሬውን መስታወቷ ላይ እለጥፈዋለሁ። ለስሂን ደውዬ ዓመቱን ስነግራት በአማርኛ «አባዬ፣ እኩያህ ናታ!» ብላ ከሠርጓ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀችልኝ፤ እሑድም አጠገቤ ትቀመጣለች። ስለዚህች ሳቅ አመሰግናለሁ። ይህቺ ምስጋና ከላይ እንደተዘረዘሩት ግልባጭ አይደለችም፤ ዋናዋ ናት፤ ስለዚህ እባክዎ አይመዝግቧት።