ከግድግዳው ወዲህ ያለው በቀቀን

ውድ ጎረቤቴ፣

ጓደኛሽ ዛሬ ስፌት ቤታችን መጥታ ነበር። መጋረጃ የምታሰፋ መስላ ጨርቁን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋችና፣ ሜትሬን አንስቼ ስለካ ጠጋ ብላ «ደህና ናት፤ የአመዶ ላባ በቀለ ወይ ብላሻለች» አለችኝ። ሜትሩ ከእጄ ወደቀ። ያ ሁሉ መከራ አልፎብሽ፣ የምትጠይቂኝ ስለ ወፍ! መጀመሪያ ሳቅኩ። ከዚያ መጸዳጃ ቤት ገብቼ በሩን ቆልፌ አለቀስኩ። ነገ መጋረጃዋን ልትወስድ ስትመጣ ይህን ወረቀት እጥፋቱ ውስጥ አስገብቼ እሰጣታለሁ።

አንቺ የምታውቂው መሀሉን ብቻ ስለሆነ ከመጀመሪያው ልንገርሽ።

አመዶን ያመጣልኝ ልጄ ነው፤ ለትምህርት ወደ ሌላ ከተማ ሲሄድ «ብቻሽን ከምታወሪ ከእሱ ጋር አውሪ» ብሎ። በቀቀኑ ገና ዓመት አልሞላውም ነበር። መላ ሰውነቱ አመድ የመሰለ፣ ጅራቱ ብቻ ቀይ። ስሙንም ከመልኩ አወጣሁለት። ከሥራ ስገባ ትከሻዬ ላይ ወጥቶ ጉትቻዬን ይጎትታል፣ ሻይ ሳማስል ማንኪያውን ይነጥቀኛል። ሳሌን አጥርቶ ከመልመዱ የተነሳ አንዳንዴ ማናችን እንዳሳልን ይጠፋኝ ነበር።

አንድ ቀን ስመለስ ከሽቦ ጎጆው ሥር ላባ ረግፎ አገኘሁ። የልጅነት ላባውን እየጣለ ነው ብዬ ጠረግኩት። በማግስቱም ጠረግኩ። ትንሽ ቆይቶ ደረቱ ላይ የሎሚ ያህል ቦታ ተራቆተ፤ ከዚያ ሆዱ፣ ጭኑ፣ የክንፉ ሥር። ጭንቅላቱ ብቻ እንዳማረበት ቀረ፣ ምንቃሩ አይደርስበትማ። ከአንገት በላይ ሙሽራ፣ ከአንገት በታች ለድስት የተዘጋጀ ዶሮ። መሳቅ አማረኝ፤ ግን አልቻልኩም። አንድ ጠዋት ጎጆውን የሸፈንኩበትን ጨርቅ ሳነሳ የሚቆምበት እንጨት በደም ተነክሯል። ገና የሚበቅለውን ላባ ከነሥሩ ነቅሎት ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሞቶ አገኘዋለሁ እያልኩ ቁልፌን ከማዞሬ በፊት ጆሮዬን በሩ ላይ አስደግፍ ጀመር።

የእንስሳት ሐኪም ጋ ወሰድኩት። ሐኪሙ ወጣት ነው። ሲያወራ ዓይኑን ከወፉ ላይ አያነሳም። ክንፉን ዘርግቶ በማጉያ መረመረ፣ ደም ወሰደ። ውጤቱ ሲደርስ ጠራኝና «ተባይ የለበትም፣ በሽታም የለበትም» አለኝ።

«ተመስገን!»

«አይ፣ ተባይ ቢሆን ይሻል ነበር። በመድኃኒት እንገላገለው ነበር። ይሄ ስጋት ነው። የሚያስፈራው ነገር አለ።»

«እኔ ቤት ምን የሚያስፈራ አለ? ከእኔ በቀር ማንም የለም እኮ።»

ለብ ያለ ውሃ እንድረጭለት፣ የሚያኝከው እንጨትና ካርቶን እንድሰጠው፣ አትክልት እንዳበዛለት፣ ላባውን ሲነጭ ባየው እንዳልጮህበት መከረኝ። ልወጣ በሩን ስይዝ «ጎጆው የት ነው የተቀመጠው?» ብሎ ጠየቀኝ።

«ሳሎን፣ ግድግዳው ጥግ። ጀርባው እንዲከለልለት ብዬ።»

«ከግድግዳው ወዲያስ?»

«ጎረቤቶቼ ናቸው። ጨዋ ሰዎች።»

ከልቤ ነው ያልኩት። ባለቤትሽ የጋዝ ሲሊንደሬን በትከሻው ተሸክሞ ደረጃውን የሚያወጣልኝ ሰው ነው። ሌሊት ዳቦ ቤት ይሠራል፣ ቀን ቤቱ ይተኛል፣ እኔ ደግሞ ቀን ቤቴ የለሁም። ደረጃ ላይ ስንገናኝ ጥግ ይዞ ያሳልፈኛል። አንቺን «እርስዎ አትበይኝ፣ ያለ ዕድሜዬ አታስረጂኝ» ስልሽ አፍሽን በእጅሽ ሸፍነሽ ስቀሽ እሺ አልሽ። እሱ ግን አንድም ቀን ከ«እርስዎ» ዝቅ ብሎ አያውቅም ነበር።

ሐኪሙ ያለውን ሁሉ አደረግኩ። ላባው ግን መርገፉን አላቆመም። አንድ ምሽት ሽንኩርት ስከትፍ ከሳሎን የሴት ድምፅ ሰማሁ። «እሺ። እሺ በቃ። አልደግመውም።» ቢላዋውን እንደያዝኩ ወጣሁ። ማንም የለም። አመዶ ብቻ፣ አንገቱን ደፍቶ። እያየሁት ደገመው፤ ዝቅ ባለ፣ ትንፋሽ በሚያጥረው ድምፅ። ከዚያ አንገቱን አዞረና ከክንፉ ሥር አንድ ላባ ነጨ።

የደረጃ ላይ ሰላምታሽን አውቀዋለሁ። ድምፁ ያንቺ ነበር።

ፊልም ይሆናል አልኩ። ስልክ ይሆናል አልኩ። ሲያቅተኝ «ወገቤን አሞኛል» ብዬ አለቃዬን አስፈቀድኩና አንድ ቀን ከሥራ ቀረሁ። ረፋዱ ላይ እናንተ ቤት ቴሌቪዥኑ በአንድ ጊዜ ጮኸ። የኳስ ጨዋታ ነበር፤ ሕዝቡ ያጓራል። ከዚያ አንድ ከባድ ነገር ግድግዳውን መታው፤ የጎጆው ሽቦ ጮኸ። አመዶ ከእንጨቱ ወርዶ ጥግ ላይ ተለጠፈ፣ ዓይኑ አልተከደነም። በሕዝቡ ጩኸት መሀል ያንቺ ድምፅ መጣ። ያው ቃል። አፌን በእጄ ይዤ ቆምኩ። ልጮህ ነበር ብልሽ እዋሽሻለሁ። እንዳይሰማኝ ፈርቼ ነው አፌን የያዝኩት።

ከዚያ የስኳር ጣሳዬን ድስት ውስጥ ገለበጥኩና ባዶውን ይዤ በራችሁን አንኳኳሁ። ኳሱ ዝም አለ። እሱ ከፈተልኝ፣ ፊቱ በላብ ወዝቶ፣ ፈገግ እያለ።

«እትዬ! ዛሬ ሥራ የለም እንዴ?»

«ወገቤን አሞኝ ቀረሁ። ስኳር አልቆብኝ ነው።»

«ታዲያ ምን ችግር አለ! ይስጡኝ።»

«እሷስ ደህና ናት?»

«ራሷን አሟት ተኝታለች።»

ጣሳውን ሞልቶ አመጣ። ክዳኑን በጥንቃቄ ገጥሞ፣ እንዳይፈስብኝ ጫን ጫን አድርጎ ሰጠኝ። በዚያው እጁ። ቤቴ ገብቼ ያን ስኳር አልነካሁትም።

የዚያኑ ዕለት ጎጆውን ጎትቼ ወጥ ቤት አስገባሁት፣ ከእናንተ ግድግዳ በጣም ወደሚርቀው መስኮት። ከዚያ በኋላ የሚረግፈው ላባ ቀነሰ። ለሐኪሙ ደውዬ ከግድግዳው ማዶ የሰማሁትን ስነግረው «ወፉስ መፍትሔ አገኘ እንግዲህ» አለኝ። ያንቺ ግን ገና እንደሆነ ገባኝ።

ቀጥሎ ያለውን አንቺም ታውቂዋለሽ፤ ግን በእኔ ዓይን እንዴት እንደነበረ ልንገርሽ። የሱሪ ዚፕ ልታስቀይሪ ቤቴ መጣሽ። እንዴት እጀምርላታለሁ እያልኩ ክሩን መርፌው ውስጥ ሳልሰካ ስስብ በወጥ ቤቱ በር አመዶን አየሽው።

«ውይ! ማነው እንዲህ ያደረገው?»

«ራሱ ነው።»

«ራሱን? ለምን?»

«ስለሚፈራ» አልኩሽ።

ጎጆው ፊት ተንበረከክሽ። «ምን ሆነሃል የኔ ጌታ?» አልሽው። እሱም መለሰልሽ፤ በራስሽ ድምፅ፣ ራስሽ በምትይው ቃል። ጀርባሽን ነበር የማየው። ትከሻሽ አልተነቃነቀም። ታለቅሳለች ብዬ ጠበቅኩ፣ አላለቀስሽም።

«ሁልጊዜ እንዲህ ይላል?»

«አዎ።»

«እንዲህ ነው እንዴ የምለው?» አልሽ፤ ለእኔ ሳይሆን ለራስሽ። ከዚያ ተነስተሽ የቀሚስሽን ጉልበት አራገፍሽና «እትዬ፣ ነገ እሱ ሥራ ሲወጣ አንኳኳለሁ። ትከፍቺልኛለሽ?» አልሽኝ።

እንዴት እንደምከፍት እየፈራሁ እከፍታለሁ አልኩ። በማግስቱ ልክ እሱ ወጥቶ የእግሩ ኮቴ ከደረጃው ሲጠፋ መጣሽ። የእኔን ሰፊ ካፖርት ለብሰሽ፣ አንድ ፌስታል ይዘሽ ወረድሽ። ጓደኛሽ ታክሲ ውስጥ ትጠብቅሽ ነበር። እኔ መስኮቱ ጋ ቆሜ፣ መንገዱ ላይ የሚመጣ ወንድ ሁሉ እሱን እየመሰለኝ፣ መጋረጃዬን ጨምድጄ ያዝኩ።

አሁን የማታውቂው። በነጋታው ወደ ሥራ ልወጣ ጫማዬን ሳስር በሬ ተንኳኳ። ከዳቦ ቤት መመለሱ ነው፤ ቅንድቡ ላይ ዱቄት አለ።

«እትዬ፣ ባለቤቴን አይተዋታል?»

«ኧረ አላየሁም። ምን ሆነች?»

ሳልጋብዘው ገባ። አልጮኸም። ሶፋው ላይ ተቀምጦ ቤቱን በዓይኑ ዞረው። ካፖርቴ የሚሰቀልበት ሚስማር ባዶውን ነበር፤ እዚያ ሲደርስ ዓይኑ የቆመ መሰለኝ። ይሄኔ ከወጥ ቤት «እሺ። እሺ በቃ» የሚል ድምፅሽ መጣ።

ተወርውሮ ተነሳ። «የት ነሽ?» እያለ ወጥ ቤት ገባ፣ መኝታ ቤቴን ከፈተ፣ አልጋዬን ወደ ጎን ገፋው፣ ቁም ሣጥኑን በረገደው። ልብሴ ሁሉ ወለል ላይ ወደቀ። እኔ ኮሪደሩ ላይ እንደ እንጨት ቆሜያለሁ። ተመልሶ ወጥ ቤት ሲደርስ አመዶ ደገመው። «አልደግመውም።» ባለቤትሽ ወፉን አየው። ራቁት ደረቱን አየ። ፊቱ ላይ ያለው ነገር ሁሉ ተራ በተራ ሲለዋወጥ አየሁ።

«አንቺ ነሽ ያስተማርሽው» አለኝ።

አንቺ አለኝ። በዚያች ቃል ውስጥ አንቺ በየቀኑ ስታዪው የኖርሽውን ሰው አየሁት። እጁን ጎጆው ላይ ጫነ፤ ሽቦው ጎበጠ፣ አመዶ ጮኸ። እንዴት እንደሆነ አላውቅም፣ በጎጆውና በእሱ መሀል ራሴን አገኘሁት።

«እኔ ቀን ቤት የለሁም» አልኩት። «ቀን ቤት ያለኸው አንተ ነህ።»

ይመታኛል ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጠው በሩ ክፍት ነበር፤ እሱ ወጥቷል። ወለሉ ላይ ከልብሶቼ ጋር ተቀምጬ ረጅም ሰዓት ቆየሁ። አመዶ እዚያው ሆኖ በእኔ ሳል ሳለ።

የጠየቅሽኝን ልመልስልሽ። ደረቱ ላይ እንደ አቧራ ያለ ግራጫ ነገር ወጥቷል። ጭኑም ለብሷል። የግራ ክንፉ ሥር ግን ባዶ ነው፤ ሐኪሙ ሥሩ ስለተጎዳ ላይበቅል ይችላል ብሎኛል። መብረር ይችላል፣ ይበላል፣ ማንኪያዬን መንጠቅ ጀምሯል። ግን ከማዶ የቁልፍ ድምፅ ሲሰማ አሁንም አንገቱን ያዞራል። አልጮህበትም። እኔም ያን ድምፅ ስሰማ ምን እንደምሆን ስለማውቅ ነው። በሬን ሁለተኛ ቁልፍ አስገጥሜለታለሁ፣ ከውስጥ ደግሞ የስፌት መኪናዬን አስደግፋለሁ። ልጄ «ልቀቂ፣ ወደ እኔ ነይ» ይለኛል። ቤት እየፈለግኩ ነው።

ባለቤትሽ ከሰሞኑ ደረጃ ላይ ጠበቀኝ። ከስቷል። «እትዬ፣ የት እንዳለች ብቻ ይንገሩኝ። ይቅርታ ልጠይቃት ነው» አለኝ፤ ዓይኑ እንባ ሞልቶ። አሳዘነኝ። እውነቱን ልንገርሽ፣ በጣም አሳዘነኝ። ከእጁ ይልቅ የፈራሁትም ያንን ማዘኔን ነው። አላውቅም አልኩት፤ እውነቴን ነበር፣ ቤቴ ገብቼ በሩን ዘግቼ ያለሽበትን ባለማወቄ እግዜርን አመሰገንኩ።

ስለዚህ ልጄ፣ እለምንሻለሁ፣ መልስ አትጻፊልኝ። ያለሽበትን ከተማ፣ የሠፈርሽን ስም፣ የምትሠሪውን ሥራ ለጓደኛሽ ነግረሽ እንዳትልኪብኝ። እኔ ፈሪ ሴት ነኝ፤ ሰው ሲያለቅስብኝም አንጀቴ አይችልም። የማላውቀውን ግን ማንም ከአፌ ሊያወጣው አይችልም። መንገድ ላይ ድንገት ብታዪኝ እንኳ እንደማታውቂኝ ሆነሽ እለፊኝ፤ እኔም አልፍሻለሁ፣ አልቀየምሽም። ካፖርቱን አትመልሺልኝ፤ ብርድ ነው፣ ልበሺው።

የት እንዳለሽ የማታውቅ፣ ማወቅም የማትፈልግ፣
የምትወድሽ ጎረቤትሽ