«አንተ» ያልኩት አቡጀዲው ላይ ያለውን ሰውዬ ነው

አሰላ፣ ጥር ፲፯ ቀን ፲፱፻፷፫ ዓ.ም.

ይድረስ ለክቡር ባለቤቴ ለግራዝማች ኃይለየሱስ፤
ዲክሲስ።

ከሁሉ አስቀድሞ የተወራው ይታረም። እኔ አልጣሽ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ፣ በሕዝብ ፊት ቆሜ፣ እርስዎን «አንተ» ብዬ አልሰደብኩም። «ኃይሌ» የሚል ስምም ከአፌ አልወጣም። «ሁለተኛ ከቤቴ እንዳትገባ» ማለቱን ብያለሁ፤ ያልኩት ግን ለእርስዎ ሳይሆን አቡጀዲ ላይ ለሚንቀሳቀስ አንድ አሜሪካዊ ነው። ሰውዬውን አላውቀውም። ቃሉም የሚስቱ ነው፤ እኔ ተረጎምኩት እንጂ አላመነጨሁትም። ገብስ ነጋዴው ጥሩሰው ግማሹን ሰምቶ ሙሉውን አውርቷል።

ጤናዎን ከዲክሲስ የመጣውን ሰው ሁሉ እጠይቃለሁ። ሁሉም «ደህና ናቸው፣ እንዲያውም ወፍረዋል» ይለኛል። ደህና መሆንዎ ደስ አሰኝቶኛል። መወፈሩ የወንድምዎ ሚስት ቅቤ ስለምታበዛ ነው፤ ሐኪሙ ያሉትን ያስታውሱ። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ጠዋት ጠዋት ያቃስታል፤ ከሰዓት በኋላ ይረሳዋል። ላሟ ወልዳለች፤ ጥጃዋ ሴት ናት፤ ግንባሯ ላይ ነጭ አለባት።

አሁን ነገሩን ከሥሩ ላስረዳዎ። መምሬ ሀብተ ማርያም ትናንት ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቤቴ መጥተው፣ ዓይናቸውን ከወለሉ ሳያነሡ፣ «ግራዝማች በአደባባይ ተዋርጃለሁ፤ ቅዳሜ ሽማግሌ ተቀምጦ ያለያየን ብለዋል» አሉኝ። ልጆች አሳድገን የልጅ ልጅ ያየንበት ጋብቻ በጥሩሰው ጆሮ ምክንያት የሚፈርስ ከሆነ፣ ቢያንስ ጆሮው ምን እንደሰማ ተመርምሮ ይሁን። እርስዎ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበሩ። ምስክር ሳይሰማ የሚፈርድ ዳኛ ባጋጠመዎ ቀን እራት አይበሉም ነበር።

በትምህርት ቤቱ እንግሊዝኛ የምታስተምር ሚስ ዶና የምትባል የሰላም ጓድ ልጅ አለች። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጫማዋ ከጭቃ የማይለይ። ከአገሯ የፊልም ጥቅልና ማሳያ መኪና አስመጥታለች። ፊልሙ በአገሯ ሰው ሁሉ ከእራት በኋላ ቤቱ ተቀምጦ በቴሌቪዥን የሚያየው የሳቅ ጨዋታ ነው፤ እሷም በልጅነቷ ከአያቷ ጋር ያየችው። እኛ ቴሌቪዥን ስለሌለን ግድግዳ ላይ አቡጀዲ ወጥራ ልታሳየን አሰበች። አስተርጓሚ ፍለጋ ወደ እኔ መጣችና «እትዬ አልጣሽ፣ እባክሽ ይተርጉሙልኝ» አለች።

«ወይ ‹እባክሽ ተርጉሚልኝ› በዪ፣ ወይ ‹እባክዎ ይተርጉሙልኝ› በዪ። ሁለቱን አታጋቢ» አልኳት።

«በእንግሊዝኛ ሁሉም ‹ዩ› ነው» አለች።

«ለዳኛውም ለድመቱም?»

«ለድመቱም» አለች፣ ምንም ሳታፍር።

ያን ጊዜ ችግሩ ሊገባኝ ይገባ ነበር። አልገባኝም።

ባለፈው ሳምንት እሑድ ከምሳ በኋላ አዳራሹ ሞላ። መስኮቶቹ በብርድ ልብስ ተሸፈኑ። ጎረቤታችን ሀሊሜ ከገበያ ጓደኞቿ ጋር ከፊት ተቀመጠች፤ አማርኛ ለማይሰሙት ሴቶች የእኔን አማርኛ ወደ ኦሮምኛ ልትመልስ። እኔ ከአቡጀዲው አጠገብ ቆምኩ።

ታሪኩ ቀላል ነው። ሚስት ባርኔጣ ትገዛለች። ባሏ እንዳያይባት የዳቦ መጋገሪያ ምድጃ ውስጥ ትደብቀዋለች። ባል ያን ቀን አለቃውን ለእራት ይጋብዛል። ለአንድ ቀን እንኳ ላግዛት ብሎ ምድጃውን ይለኩሰዋል። ባርኔጣው ይጠበሳል።

ገና ሲጀመር ከመኪናው ውስጥ የብዙ ሰው ሳቅ ፈነዳ። አቡጀዲው ላይ ግን ሚስቲቱ ብቻዋን ናት።

«የሚስቁት እነማን ናቸው?» አለች ሀሊሜ።

«አይታዩም» አልኩ።

«ጎረቤቶች ናቸዋ። በአጥር ቀዳዳ እያዩ ነው።»

«እንዲህ ያለ ጎረቤት እያላት ባርኔጣ መደበቋ ምን ሊጠቅማት ነው?» አሉ ከኋላ አንድ ሽማግሌ።

ከዚያ በኋላ ሳቁ በተራ ሆነ። መጀመሪያ የማይታዩት ይስቃሉ። እኔ ስተረጉም አማርኛ የሚሰማው ይስቃል። ሀሊሜ ስትመልሰው ደግሞ የገበያ ሴቶቹ ይስቃሉ። ፊልሙ አይጠብቀንም፤ ሴቶቹ በምድጃው ሲስቁ ሚስቲቱ ስልክ ላይ ታለቅሳለች።

እኔ እንደተማርኩት ተረጎምኩ። ሚስት ባሏን የምታነጋግረው በአክብሮት ነውና «እርስዎ ዛሬ ቀደም ብለው ይመጣሉ?» አልኩ። «ካፖርትዎን ልቀበልዎ» አልኩ። ሕዝቡም የሰውዬው ሠራተኛ ናት ብሎ ቁጭ አለ። «የሰው ቤት ሠራተኛ ሆና ይህን ያህል ባርኔጣ?» ሲሉ እሰማለሁ። ይሁን ብዬ ቀጠልኩ። ሰውዬው ከሥራ ገባ፤ ካፖርቱን ሰጣትና ሳማት።

አዳራሹ ተናወጠ። «ጌታዋ ሠራተኛይቱን ሳማት!» ብሎ አንዱ ጮኸ። የኋላው ሽማግሌ ሴት ልጆቻቸውን ይዘው ሊወጡ ተነሡ። ሚስ ዶና መኪናውን አቆመችና «ምን አልሽ?» አለችኝ። ምን እንዳልኩ አስረዳኋት፤ አልገባትም።

«እኔም ቸግሮኛል» አለች ሀሊሜ። «‹ኢሲን› ብዬ አንቱ ስለው አባቷ ነው ይሉኛል፤ ‹አቲ› ብዬ አንተ እንዳልለው እርስዎ አንቱ እያሉ ነው። ምኗ ነው ሰውዬው?»

«ባሏ ነው» አልኩ ጮክ ብዬ።

«ታዲያ ምነው አንቱ ትለዋለች?» አሉ ሽማግሌው፣ እንደቆሙ።

«እኔም ባለቤቴን አንቱ እላለሁ።»

ሀሊሜ ዘወር አለች። «እርስዎማ። ግራዝማችም ዲክሲስ ናቸው» አለች።

ሕዝቡ ሳቀ። የማይታዩት ሰዎች ብቻ አልሳቁም፤ መኪናው ቆሞ ነበር።

እንግዲህ «አንተ» ማለት ግድ ሆነ። ቃሉ በመጀመሪያ አፌ ውስጥ የሰው ጫማ ሆነብኝ። ጥቂት ስሄድበት ለመደኝ። ሌላው ችግር ስሙ ነበር። ሚስቲቱ ባሏን «ሃኒ» ትለዋለች። ማር ማለት ነው። «ማር» ብል ሀሊሜ ዋጋውን ትጠይቀኛለች ብዬ «ሃኒ» እንዳለ ተውኩት። ሰውዬውም «አንተ ሃኒ፣ ና»፣ «አንተ ሃኒ፣ ሂድ» ሲባል ዋለ።

ባርኔጣው መጤስ ጀመረ። ሚስቲቱ ምድጃውን ከፈተች። እኔም አዳራሹ ሰፊ ስለሆነ ድምፄን አውጥቼ፣ «አንተ ሃኒ! ባርኔጣዬን ጠበስከው! ሁለተኛ ከቤቴ እንዳትገባ!» አልኩ። ልክ ያን ጊዜ ጥሩሰው የኋላውን በር ከፈተ። ብርሃን ገባና ሕዝቡ «ዝጋው!» ብሎ ጮኸበት። ዘጋው። የቆመው ከምሰሶው ኋላ ነው፤ አቡጀዲው አይታየውም። ያየው ምሰሶውን፣ የሰማው የእኔን ድምፅና የሰዉን ሳቅ ነው። «ሃኒ»ን «ኃይሌ» አድርጎ ይዞ ወጣ፤ በማግስቱ ገብስ ሊገዛ ዲክሲስ ሲሄድም ይዞት መጣልዎ። ጥሩሰውን አልተቀየምኩትም። ግን ገብስም ሲገዛ እንዲሁ ግማሹን እያየ ከሆነ አብረውት አይነግዱ።

ቆይቶ ቢሆን ቀጥሎ የመጣውን ያይ ነበር። ሰውዬው ተቆጣና በሩን ወርውሮ ዘግቶ ወጣ። ወዲያው ካፖርቱን ረስቶ ተመለሰ። ማንንም ሳያይ፣ አንገቱን ቀጥ አድርጎ፣ እንደ ዳኛ ገብቶ ወሰደ። እንደገና በሩን ወረወረ። እንደገና ተመለሰ፤ ጫማ አላደረገም ነበር።

በኅዳር እርስዎ የወጡበትን ቀን አስታወሰኝ። በእንግዶች ፊት ድልድዩን ጎርፍ የወሰደው በሃምሳ አንድ ዓ.ም. ነው ብለው፣ እኔ በሃምሳ ሁለት ነው ብዬ ያረምኩዎ ቀን። (በሃምሳ ሁለት ነው።) «ስንዴዬን ላሳጭድ እሄዳለሁ» ብለው ወጡ፤ ለጃንጥላው ተመለሱ፤ ያቺን የፍርድ ቤት ፊትዎን አድርገው። ስንዴው ከታጨደ ቆየ፤ እኔ የስንዴ ነገር አላነሣም። ሰውዬው ጫማውን ሲፈልግ ፊቱ የእርስዎ ፊት ነበር። ሳቄ አፈነኝና መተርጎም አቃተኝ። ሀሊሜ ከእኔ አንድ ቃል ሳትሰማ በኦሮምኛ ቀጠለች። ምን እንዳለች እስከ ዛሬ አልነገረችኝም፤ ሴቶቹ ግን ከሁሉ አብልጠው የሳቁት ያን ጊዜ ነው።

በመጨረሻ ሚስቲቱ የተጠበሰውን ባርኔጣ ራሷ ላይ ደፋች፤ ለባሏ ወንበር ሳበችለት። እሱም ተቀመጠ። አንድም ቃል አልተነጋገሩም፤ የሚተረጎም ነገር አልነበረም። የማይታዩት ሰዎችም እዚህ ላይ ዝም አሉ።

ያስታውሱ እንደሆነ፣ በተጋባን በመጀመሪያው ክረምት «ብቻችንን ስንሆን አንተ በዪኝ» ብለውኝ ነበር። እኔም «ሰዋስው ሰው ኖረም አልኖረም ያው ነው» አልኩዎ። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ማዳም ኢንግሪድ እንደዚያ አስተምረውን ነበር፤ የተሳሳተችውን ልጅ መዳፍ በማስመሪያ ይመቱ ነበር። እርስዎ ሳቁ፤ ደግመውም አልጠየቁኝም። ይኸው ከብዙ ዘመን በኋላ፣ ለምኖኝ የማያውቅ አሜሪካዊ ከሰዓት እስኪመሽ አንተ ሲባል ዋለ። ሳስበው ፍትሕ አልመሰለኝም።

ሚስ ዶና ያንኑ ፊልም ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ደግማ ልታሳይ ተስማምታለች። ሽማግሌዎቹን ሁሉ ይዘው ይምጡ። ለመምሬ ሀብተ ማርያምም ነግሬያቸዋለሁ፤ «ሳቅ ያለበት ነገር ነው?» ብለው ጠየቁኝ፤ «ለምስክርነት ነው» ስላቸው እሺ አሉ። አቡጀዲው ይመስክር፤ ከዚያ የሚፈርዱትን ይፍረዱ። ከፊት ሁለት ወንበር አስይዣለሁ፤ አንዱ ለመምሬ ነው። ጥሩሰውም ይምጣ፤ ከምሰሶው ፊት ይቀመጥ።

ከዲሮ የሚሉት ስንዴ ነጋዴ ነገ በመኪናው ወደ እናንተ ይመጣል፤ የሚመለሰው ዓርብ ነው። ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልዎ እሱ ነው። እግዚአብሔር ጎተራዎን ከነቀዝ፣ ወገብዎን ከዲክሲስ ብርድ ይጠብቅልዎ። መንገዱንም ያቅናልዎ።

ደብዳቤውን አንብቤ አርሜዋለሁ። ከዚህ በታች ያለውንም አይቼዋለሁ፤ ስሕተት መስሎዎት በቀይ እርሳስ እንዳይነኩት።

ነገ ከሁሉ በፊት ይህን ደብዳቤ ለከዲሮ በእጁ እሰጠዋለሁ። ቀጥሎ ለዓርብ ከጋቢናው አንድ ቦታ እንዲይዝልህ እነግረዋለሁ። ከዚያ ጋቢህን ከሣጥን አውጥቼ ፀሐይ ላይ አሰጣለሁ። ከዚያ ለጃንጥላው ስትመለስ እንኳ ረስተኸው የሄድከውን ባርኔጣ ከምስማሩ አውርጄ አቧራውን አራግፍልሃለሁ። ምድጃ ውስጥ አልከተትኩትም።

አልጣሽ