ስለ ጠረጴዛሽ እንጨት

ለምወድሽ እታለም፣

የአልበርታ ብርድ እንዴት ይዞሻል? ወገብሽስ ተሻለሽ ወይ? እኛ እዚሁ ኬፕ ብሬተን ደሴት አለን፤ እስከ መስኮት የደረሰው በረዶ አሁን ጭቃ ሆኗል። አባባ በአካሉ ደህና ነው። የምጽፍልሽ ስለ ቀረው ነው።

እስካሁን በየደብዳቤዬ "ጣውላው ጥሩ እየደረቀ ነው" ስልሽ ቆይቻለሁ። ዋሽቼሻለሁ።

አውሎ ነፋሱ የእማማን የሜፕል ዛፍ ከነሥሩ ነቅሎ ሲጥለው የአባባ ልቡና ገና አብሮት ነበር። ጎረቤታችን ማልኮም ማገዶ ይሁን ቢለው፣ "አንተ ሰው፣ የሚስቴን ዛፍ ልታነደው ነው? ለትልቋ ልጄ ጠረጴዛ እሠራበታለሁ። መጋዝህን አምጣና ዝም በል!" አለው። ሁለቱ ሽማግሌዎች እየተሰዳደቡ ሳምንት ሙሉ ግንዱን ሰነጠቁት። አባባ እንዳይሰነጠቁ የጣውላዎቹን ጫፍ ቀለም ቀባ፤ መጋዘን ውስጥ ሲደረድራቸውም በየመሃላቸው ጣት የሚያህሉ ቀጫጭን እንጨቶች አስገባ። "ጣውላም ይተነፍሳል። አየር ካጣ ይሻግታል፣ ይጎብጣል። ሁለት ዓመት ታገሺ" አለኝ። ያን ጊዜ ነው አንቺ በስልክ "ጠረጴዛው ሲያልቅ መጥቼ አብረን እንበላበታለን" ያልሽው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ አባባም ያቺን ቃልሽን ያዘ።

ከዚያ መርሳት ጀመረ። መጀመሪያ የቤተ ክርስቲያኑን መንገድ፣ ቀጥሎ የማልኮምን ስም፣ ቀጥሎ እኔን። አንቺ እንደምትመጪ ግን አልረሳም። ኅዳር ላይ አንድ ጠዋት ከእንቅልፌ ስነሳ ቤቱ እንደ ዳቦ ቤት ግሏል። "ልጅቷ ዛሬ ትመጣለች፤ ብርድ አትወድም" አለኝ። መጋዘን ሄጄ ባይ፣ እነዚያን ቀጫጭን እንጨቶች ከጣውላዎቹ መሃል እየመዘዘ ምድጃ ውስጥ ጨምሯቸዋል። ደረቅ ስለሆኑ ቶሎ ይያያዛሉ። ጣውላዎቹ አንዱ ባንዱ ላይ ተለጥፈው ቀርተዋል።

ሌላ ቆርጬ አስገባሁ፤ አነደደው። እንደገና አስገባሁ፤ አነደደው። ቢቸግረኝ መጋዘኑን ቆለፍኩት። በሌሊት ልብሱ ጭቃው ላይ ቆሞ በሩን እየደበደበ፣ "እሜቴ፣ እባክዎ ይክፈቱልኝ፤ ልጄን ይበርዳታል" አለኝ። የወለደኝ አባቴ አንቱ አለኝ። ከፈትኩለት።

ባለፈው ማልኮም መጥቶ ጣውላዎቹን አገላበጣቸው። ጥቁር ሻጋታ በልቷቸዋል፣ እንደ ጀልባ ጎብጠዋል። "ይሄ እንኳን ጠረጴዛ የዶሮ ቤትም አይወጣው" አለኝና አባባን ዞር ብሎ አየው፤ "አንተ ሽማግሌ፣ ቀድሞ ማገዶ ይሁን ስልህ ሰድበኸኝ ነበር!" ሊስቅ ፈልጎ ነበር፤ አልሆነለትም፤ ኮፍያውን አድርጎ ወጣ።

አሁን ጠዋት ጠዋት እኔው ራሴ ጣውላውን በቀጫጭኑ እየሰነጠቅኩ በሩ ላይ አኖርለታለሁ። ሌላ ምን ላድርግ? የቀረው ለሦስት ሳምንት ቢበቃ ነው።

ሳትመጪ ሰባት ዓመትሽ፣ እታለም። ከሥራ እረፍት አልሰጡኝም ትያለሽ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም፤ ግን ልወቅስሽ አይደለም የተነሳሁት፤ ልናዘዝልሽ ነው። ሻጋታውን ያየሁ ቀን አልቅሻለሁ፤ ውስጥ ውስጡን ግን ቀለለኝ። ጠረጴዛው አልቆ አንቺ ብትቀሪ አባባን ምን እለው ነበር? አሁን ያልመጣሽው ጠረጴዛው ስላላለቀ ነው እለዋለሁ።

እግዚአብሔር ከክፉ ይሰውርሽ። ወገብሽን ያበርታልሽ፤ በሄድሽበት ሁሉ ሰው አያሳጣሽ።

ይህን ስጽፍ አባባ አጠገቤ ቆሞ "ለማን ነው የሚጽፉት፣ እሜቴ?" አለኝ። "ለልጅዎ" አልኩት። ደስ አለው። "እንግዲያው ቤቱ ሞቋል ይበሉልኝ" አለ።

ታናሽሽ