ሴት ልጅ እና ሽመና

ኮከቤ፣
ይህን የምጽፍልሽ ስኮትላንድ ካለ አንድ የሽመና ቤት ነው። ዝናቡ የደረብኩትን ባና አርሶት፣ የበግ ጠጉሩ ሽታ መንዝ፣ መሐል ሜዳ ገበያ ወስዶ ጣለኝ። ሸማኔዋ ባልቴት ባናውን እየዳበሱ፣ «አንቺ ነሽ የሠራሽው?» አሉኝ። «እኛ አገር ሴት ትፈትላለች፣ ወንድ ይሸምናል» ብላቸው፣ «ታዲያ በጨርቃ ጨርቅ የተመረቅሽው ለወግ ነው?» ብለው ሳቁብኝ።

የቪዛው ሕግ ተቀይሮ የተመራቂ መቆያ ጊዜ አጥሯል፤ ቶሎ ቀጣሪ ካላገኘሁ መውጣቴ ነው። እስከ ትናንት ማመልከቻ ስበትን ነበር። ዛሬ ግን ልቤ መንዝ ገባ። እስቲ ሸማኔውን ጋሽ ወሰኔን፣ ሴት ያስተምሩ እንደሆነ ጠይቂልኝ። እምቢ ቢሉም እመጣለሁ፤ ደጅ መጥናቱ ካልቀረልኝ የሳቸውን ብጠና ይሻለኛል።

ቦታ አለቀብኝ! እናትሽን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ።
ጽናት