ዘጠኝ ቪላ የጠበቁት የአቶ ነጋሽ አንተነህ የሕይወት ታሪክ

አቶ ነጋሽ አንተነህን ሐምሌ 9 ቀን 1983 ዓ.ም. ኩዌት፣ ጃብሪያ ሰፈር፣ የመንግሥት ቢሮ በር ላይ፣ ሰው እየሰማ «የወታደር ውራጅ!» ብሎ የሰደባቸው ተስፋዬ ነው። ዛሬም ለቅሶው ላይ ስላለ ይስማ።

አቶ ነጋሽ ከአባታቸው ከአቶ አንተነህ ከበደ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ቆንጂት በ1952 ዓ.ም. መርሐቤቴ ተወለዱ። እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምረዋል። እኔ ታናሽ ወንድማቸው ከሦስተኛ ነው የወጣሁት፤ ስህተት የምትቆጥሩ ቁጠሩ።

በ1977 ዓ.ም. ኩዌት ገብተው ጃብሪያ አንድ ቪላ በጥበቃ ተቀጠሩ። የኢራቅ ጦር ኩዌትን ሲወር አሠሪዎቻቸው ሸሹ፣ እሳቸው ቀሩ። የካቲት 1983 ጦርነቱ አብቅቶ አገሩ በወታደር አስተዳደር ሥር ሲውል፣ አንድ የመቶ አለቃ በመንገዱ ላይ ያሉትን የዘጠኝ ባዶ ቪላዎች ቁልፍ ከባለማኅተም ወረቀት ጋር አስረከባቸው። በአራት ወር አንድ ማንኪያ አልጠፋም። ተስፋዬ፣ ያኔ ሾፌር የነበረው፣ «አንዱን ክፈትልኝ እንጂ ነጋሼ፣ አልጋ ላይ ልተኛበት፤ የአባትህ ቤት መሰለህ እንዴ?» ቢላቸው እንኳ እምቢ አሉ።

ሰኔ ላይ ወታደሩ ለሲቪል መንግሥት አስረከበ ተባለ። ማን ምኑን ለማን እንዳስረከበ እግዜር ይወቀው። ወንድሜ ቁልፎቹን ይዘው አዲሱ ቢሮ ሲቀርቡ፣ «ይሄ የወታደር ወረቀት ነው፣ እዚህ አይሠራም። የመኖሪያ ፈቃድህ፣ ኢቃማህ የታል?» ተባሉ። ኢቃማው በጦርነቱ መሐል ጊዜው አልፏል። ወታደሮቹ ጋ ሲመለሱ ደግሞ «እኛ ጨርሰናል፣ ሲቪሎቹን ጠይቅ» አሏቸው። ሦስት ሳምንት ሙሉ እንዲህ ሲያንከራትቷቸው ከረሙ። ቢቸግራቸው ኢቃማ ያለውን ተስፋዬን፣ ያገር ልጅ ነው ብለው፣ አብሯቸው እንዲገባ ለመኑት። ጸሐፊው ርክክቡን በተስፋዬ ስም ጻፈው። የመንገዱ ጥበቃነትም ለተስፋዬ ሆነ። ስድቡ የመጣው ይሄኔ ነው፣ ከበሩ ሲወጡ።

በ1985 ዓ.ም. ወረቀታቸው ተስተካክሎ እዚያው ኩዌት ቁርጡባ ሰፈር አንድ ቤት በአትክልተኝነት ገቡ። እዚያው ቤት ትሠራ የነበረችውን ወ/ሮ የሺሐረግን አግብተው ርብቃንና ሳሚን ወለዱ። በኩላሊት ሕመም ሲታከሙ ቆይተው መጋቢት 4 ቀን 2017 ዓ.ም. አረፉ። ባለቤታቸው፣ ሁለት ልጆቻቸውና እኔ ቀርተናል። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን የማንንም ማኅተም ሳይጠይቅ ይቀበልልን።

አንድ ነገር ሳልናገር አልቋጭም። ከማረፋቸው ሁለት ሳምንት በፊት፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ተስፋዬ ወጣቶቹን ሰብስቦ «ዘጠኝ ቪላ ብቻዬን ጠብቄ ለመንግሥት ያስረከብኩ እኔ ነኝ» እያለ ያወራ ነበር። ወንድሜን ሲያይ፣ «ለመሆኑ ነጋሼ፣ አንተ ያን ጊዜ የት ነበርክ?» አላቸው። ወጣቶቹ ሁሉ ዞረው አዩዋቸው። አቶ ነጋሽ ነጠላቸውን አጣፉ፣ ምርኩዛቸውን አነሡ፣ ሄዱ።